ያስተማራቸውን የመዘነ መምህር

የማኅበራዊ ሳይኮሎጂ ኮርስ የወሰደ ሁሉ የቤኒንግተንን ጥናት በስም ያውቀዋል። የመማሪያ መጻሕፍቱ በአንድ አንቀጽ ይገላገሉታል፦ የሀብታም ልጆች ወግ አጥባቂ ሆነው ኮሌጅ ገቡ፣ ተራማጅ ሆነው ወጡ። ፈተና ላይ የሚመጣውም ይኸው ነው። ቴዎዶር ኒውኮም ጥናቱን ይዞ በ1943 ያሳተመው «ስብዕናና ማኅበራዊ ለውጥ» ግን ከዚያ አንቀጽ እጅግ የሰፋ መጽሐፍ ነው። የሚያስነሳው ጥርጣሬም የዚያኑ ያህል ነው። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቤኒንግተን በ1932 በአሜሪካዋ ቨርሞንት ግዛት የተከፈተ የሴቶች ሊበራል አርትስ ኮሌጅ ነበር። እንዲህ ያሉ ኮሌጆች ተማሪን ለአንድ ሙያ ከማሠልጠን ይልቅ ሥነ ጽሑፉንም፣ ሳይንሱንም፣ ኪነ ጥበቡንም ያስቀምሱታል። አብዛኞቹ ትንንሽ ስለሆኑ መምህርና ተማሪ በስም ይተዋወቃሉ። ቤኒንግተን ደግሞ ከትንንሾቹም ትንሽ ነበር። በጥናቱ ዘመን የተማሪዎቹ ቁጥር ከሦስት መቶ አያልፍም። ከከተማ ወጣ ብሎ ስለተቆረቆረ የሚበላው፣ የሚከራከረውና የሚተኛው ሁሉ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። መምህራኑ በአብዛኛው ወጣቶች ነበሩ። ክፍያውን ችለው ልጆቻቸውን የሚልኩት ደግሞ በብዛት ሪፐብሊካን የሆኑ ባለጠጎች ናቸው። ኒውኮም በ1934 መጥቶ ማስተማር ጀመረ፤ ከ1935 እስከ 1939 ድረስም እነዚያኑ ተማሪዎች እየተከታተለ ጠየቃቸው። ጊዜው አሜሪካ በኢኮኖሚ ቀውስ የምትማቅቅበት፣ ስፔን በእርስ በርስ ጦርነት የምትነድበት ነበር።

ከሰንጠረዦቹ ሁሉ የሚታወሰው የ1936ቱ ምርጫ ነው። የሪፐብሊካኑን እጩ አልፍ ላንደንን ከመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች 62 በመቶው ሲደግፉት፣ ከሦስተኛና ከአራተኛ ዓመቶቹ የደገፉት 15 በመቶ ብቻ ናቸው። ከእነዚህ ከነባሮቹ 54 በመቶው ዴሞክራቱን ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን፣ 30 በመቶው ደግሞ የሶሻሊስቱን ወይም የኮሚኒስቱን እጩ መረጡ። የወላጆቻቸው ምርጫ ከጀማሪዎቹ ምርጫ ጋር ይቀራረባል። ሩዝቬልት በዚያ ዓመት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ሲጠቀልል ለላንደን የቀሩት ሁለት ነበሩ፤ አንዷ ቨርሞንት ናት። ከግቢው አጥር ውጭ ያለው ሕዝብ ላንደንን ሲመርጥ፣ አጥሩ ውስጥ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ የቆዩት ልጆች ፊታቸውን አዙረውበታል።

እዚህ ድረስ ያለውን የመማሪያ መጻሕፍቱም ይነግሩናል። የመጽሐፉ እውነተኛ ጉልበት ያለው ግን ለውጡ በምን መንገድ እንደመጣ በሚመረምርበት ክፍል ነው። ኒውኮም ለውጡን የመማሪያ ክፍል ውጤት አድርጎ አልተወውም። ተማሪዎቹን፣ በኮሌጆች መካከል ስብሰባ ቢኖር ቤኒንግተንን ወክለው ሊሄዱ የሚገባቸው እነማን ናቸው ሲል ጠየቃቸው። ደጋግሞ የተጠራው የተራማጆቹ ስም ነበር። እንግዲህ በዚያ ግቢ አዲሱን አመለካከት መያዝ ሐሳብ መለወጥ ብቻ አልነበረም፤ መከበር፣ መታጨት፣ «የእኛ ሰው» መባልም ነበር። ያልተለወጡት ደግሞ ሁሉም አንድ ዓይነት አልነበሩም። አንዳንዶቹ ከጥቂት ጓደኞቻቸው ጋር ተከልለው የግቢውን አዝማሚያ ልብ እንኳ አላሉትም። ሌሎቹ እያወቁ ከቤተሰባቸው ጎን ቆሙ። አንድ ሰው የሚኖርበት ቡድንና ራሱን የሚለካበት ቡድን ሊለያዩ እንደሚችሉ ይህን ያህል በሥጋና በደም ያሳየ የሳይኮሎጂ ሥራ ጥቂት ነው። የግማሽ ሰዓት ሙከራ ሠርቶ ሃያ ገጽ የሚጽፍ ተመራማሪ ይህን ክፍል ቢያነብ ሳይቀና አይቀርም።

ቅሬታዬም የሚጀምረው ከዚሁ ክፍል ነው። ያልተለወጡትን ተማሪዎች ሲገልጽ የኒውኮም ቋንቋ ወደ ክሊኒክ ያደላል። አንዷ ከወላጆቿ መላቀቅ ያቃታት ናት፤ ሌላዋ ከሰው መግባባት የሚከብዳት፤ ሦስተኛዋ እልኸኛ። ተራማጆቹም ቢሆኑ ለክብር ወይም ከቤተሰብ ነጻ ለመውጣት ብለው እንደተለወጡ መጻፉ አይካድም፤ ይህ ለሐቀኝነቱ ይቆጠርለት። ሆኖም የአንደኛው ወገን ምክንያት እንደ እድገት፣ የሌላው እንደ እክል ይነበባል። አንዲት ልጅ ክርክሩን ሰምታ፣ አመዛዝና፣ የአባቷ አቋም ይሻላል ብላ ልትጸና ለምትችልበት ዕድል መጽሐፉ በቂ ቦታ አልሰጠም።

የዚህ ምንጭ የደራሲው አቀማመጥ ይመስለኛል። ኒውኮም ከውጭ የመጣ ታዛቢ አልነበረም፤ የዚያው ኮሌጅ መምህር ነበር። መምህራኑ ተሸፋፍነው ያደጉትን ልጆች ከዘመኑ ማኅበራዊ ችግር ጋር ማስተዋወቅን ከዋና ግዴታዎቻቸው አንዱ አድርገው ያዩ እንደነበር ራሱ ኒውኮም ይናገራል። ስለዚህ መጠይቁን የሚያድለው ሰው ለውጡን ከሚፈልጉት ወገን ነው። ልጆቹም ይህን ያውቃሉ። መልሳቸው ምን ያህሉ እምነት፣ ምን ያህሉ ለመምህር የሚቀርብ ትክክለኛ መልስ እንደሆነ በሰንጠረዥ ብቻ አይለይም። ከዊልያምስና ከስኪድሞር ኮሌጆች ጋር ያደረገው ንጽጽር የግቢውን ልዩነት ያጎላል እንጂ ይህን ጥያቄ አይመልስም።

ጥያቄውን የመለሰው ጊዜ ነው። ኒውኮም ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ እነዚያኑ ሴቶች ፈልጎ አነጋገራቸው፤ ውጤቱንም ከባልደረቦቹ ጋር በ1967 አሳተመ። ሴቶቹ በብዛት በኮሌጅ የያዙትን አመለካከት አልለቀቁም። በ1960ው ምርጫም ከግማሽ የሚበልጡት ዴሞክራቱን ኬኔዲን መርጠዋል። ጓደኞቻቸውም ባሎቻቸውም ብዙውን ጊዜ አቋማቸውን የሚጋሩ ነበሩ። ለመምህር ተብሎ የተሰጠ መልስ ይህን ያህል ዘመን አይዘልቅም። ያም ሆኖ ይህ ማስረጃ የተገኘው ከሁለተኛው መጽሐፍ ነው፤ የመጀመሪያውን ክፍተት ወደ ኋላ ተመልሶ አይደፍነውም።

ሌላው የተለመደ ትችት የተጠኚዎቹ ጠባብነት ነው፤ የሀብታም አሜሪካዊ ሴት ልጆች ስለ ሰው ልጅ ምን ይነግሩናል የሚል። ጆሴፍ ሄንሪክና ሁለት ባልደረቦቹ በ2010 ባወጡት የታወቀ ጽሑፍ፣ በታላላቅ የሳይኮሎጂ መጽሔቶች ከተጠኑት ሰዎች 96 በመቶው ከምዕራባውያን ኢንዱስትሪ አገሮች የተገኙ እንደሆኑ አስታውሰዋል። ብዙዎቹም ለኮርስ ማርክ ሲሉ የሚሳተፉ የሳይኮሎጂ ተማሪዎች ናቸው። በዚህ ግን ኒውኮምን አልከሰውም። እሱ ስለ ሰው ልጅ ሁሉ አልጻፈም፤ ስለ አንድ ግቢ ነው የጻፈው። ልጆቹ ከየት እንደመጡ፣ ማን እንደሚያከብራቸው፣ ከማን ጋር እንደሚውሉ ዘርዝሯል። ከእሱ በኋላ የመጡት ብዙዎቹ «ተሳታፊዎች» ብለው ያለፉትን እሱ ስፍራና ታሪክ ያላቸው ሰዎች አድርጎ አቅርቧል።

በአገራችን ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ፣ መሐንዲስም ይሁን ሐኪም ለመሆን ያሰበ፣ በመጀመሪያው ዓመት ጄኔራል ሳይኮሎጂ ይማራል። በዚያው ዓመት ከሌላ ክልል ከመጣ፣ አይቶት ከማያውቀው ልጅ ጋር ዶርም ይጋራል። የኒውኮም ጥያቄ ከዚህ የተሻለ ሜዳ አያገኝም። የሳይኮሎጂ ትምህርት ክፍሎቻችን መጽሐፉን ከአንድ አንቀጽ ማጠቃለያ አውጥተው ሙሉውን ያስነብቡ። ከዚያም አንድ የፍሬሽማን ባች ይዘው እስኪመረቅ ድረስ በየዓመቱ ያንኑ ይጠይቁት፤ ጠያቂው ግን ማርክ የሚሰጠው መምህር አይሁን።