ቀለሙን የቀማነው ማንን ነው?

«ጋሼ፣ የለቅሶ ፎቶ አስመሰሉኝ እኮ!»

ይህን ያለችኝ መርካቶ ውስጥ ጀበና ጥዳ ቡና የምትሸጥ ወጣት ናት። ያነሳኋትን ፎቶግራፍ በካሜራዬ ጀርባ ባለችው ትንሽ መስኮት አሳየኋት፤ መጀመሪያ ፈገግ፣ ቀጥላ ኮስተር አለች። የለበሰችው ደማቅ ቢጫ ቀሚስ ነበር። በእኔ ፎቶግራፍ ላይ ግን ቢጫ የሚባል ነገር የለም። ስቄ አለፍኩ። ነገሩ ግን ከልቤ አልወጣም፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም እርሱ ነው።

አሥራ ሁለት የምንሆን የፎቶግራፍ ወዳጆች አንድ ቅዳሜ ጧት ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተነስተን፣ ፎቶ እያነሳን በእግር ወደ መርካቶ ለመውረድ ተቀጣጥረን ነበር። የዕለቱ ደንብ አንድ ብቻ ነው፦ ሁላችንም ዲጂታል ካሜራችንን «ጥቁርና ነጭ» ላይ እናደርጋለን። እኔ በፊልም ዘመን የጀመርኩ ሰው ስለሆንኩ ደንቡን በደስታ ተቀበልኩ።

ይሁንና የዲጂታሉ ጥቁርና ነጭ ከፊልሙ የተለየ ነገር ነው። ያኔ ፊልሙ ራሱ ቀለም አያውቅም። የዛሬው ካሜራ ግን፣ ከጥቂት ልዩ ሥሪቶች በቀር፣ ዓለምን የሚቀበለው በቀለም ነው። የኮዳኩ ብራይስ ቤየር እ.ኤ.አ. በ1976 የፈጠራ መብት ባገኘበት ዘዴ፣ በሴንሰሩ ላይ ካሉት ከየ4ቱ ነጥቦች 2ቱ አረንጓዴ፣ 1ዱ ቀይ፣ 1ዱ ሰማያዊ ማጣሪያ ይደረግባቸዋል። ካሜራው ቀለሙን የሚጥለው ከተቀበለ በኋላ ነው። በተለመደው ስሌት አረንጓዴው 59፣ ቀዩ 30፣ ሰማያዊው 11 በመቶ ያህል ተመዝኖ አንድ ግራጫ ይወጣል። በዚህ የተነሳ በርበሬ በረንዳ ያነሳሁት ቀይ በርበሬና ጎኑ የተቀመጠው አረንጓዴ ቃሪያ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው አረፉት!

እውነቱን ለመናገር ደንቡ የጠቀመበት ቦታም አለ። ምናለሽ ተራ ስንደርስ፣ በቀለም ቢሆን ዓይን የሚሻሙት ሰማያዊ ሸራና ቢጫ ጀሪካን ከፎቶው ደበዘዙ፤ የቀሩት መዶሻ የጨበጠ እጅ፣ የሚቀጠቀጠው ብረትና በቆርቆሮ ቀዳዳ የሾለከው ብርሃን ናቸው። የፎቶግራፉ ጉዳይ ቅርጽና ብርሃን ከሆነ የቀለሙ መቅረት ጉድለት አይደለም።

ችግሩ የታየኝ መጨረሻ ላይ፣ ካፌ ተቀምጠን ሥራዎቻችንን ስንቀባበል ነው። የኔ ቢጤ ሽማግሌ፣ የተጨማደደ እጅ፣ ሸክም ያጎበጠው ወዛደር፣ ጭስ። የአሥራ ሁለታችንም ሥራ አንድ ሰው ያነሳው ይመስላል። በመንገዳችን ላይ እየሳቁ የሚያልፉ ተማሪዎችም፣ የመስታወት ሕንፃዎችም ነበሩ። ተማሪዎቹን ማንም አላነሳም። ሕንፃ ያነሳው አንድ ወዳጃችን ብቻ ነው፤ እርሱም ደንቡን ጥሶ በቀለም! ለምን ብለው፣ «ሕንፃ በጥቁርና ነጭ አያምርም» አለኝ። እንግዲህ ለድሃ የሚያምረው፣ ለሕንፃ ግን የማያምረው ምን ዓይነት ውበት ነው?

በእኛ አገር ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ የራሱ ትርጉም አለው። በለቅሶ ላይ ሟች በፎቶው ይሞገሳል፤ ለብዙ ዘመን ያ ፎቶ ጥቁርና ነጭ ነበር። በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ አጠገብ በተከፈተው የ«ቀይ ሽብር» ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግድግዳ ላይ የተደረደሩትን ጉርድ ፎቶዎች ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ቡና ሻጯ ስለ ሴንሰር አልተማረችም፤ ቋንቋውን ግን ከእኛ አሥራ ሁለታችን ይበልጥ አንብባዋለች። ዛሬ በሕይወት ያለችውን፣ ቢጫ ለብሳ የምትሠራውን ልጅ የትናንት ሰው አድርገናታል።

የቀድሞዎቹ ምርጫ አልነበራቸውም። የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የሠራው በዘመኑ በነበረው መሣሪያ ነው። ከእርሱ በኋላ በመጡት ፎቶ ቤቶችም ጉንጭና ከንፈር በብሩሽ ቀለም ይቀባ ነበር። እነርሱ የሌላቸውን ለመጨመር ደከሙ፤ እኛ ያለንን ለመጣል። ቀለም ቁም ነገር ያሳጣል የሚለኝ ካለም፣ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን የመሠረተችውን የአይዳ ሙሉነህን ሥራዎች ይመልከት። እዚያ ቀዩም፣ ሰማያዊውም፣ ቢጫውም የሚናገሩት ነገር አላቸው።

በበኩሌ ጥቁርና ነጭን አልጠላሁም፤ ነገም አነሳበታለሁ። ነገር ግን ቀለሙን ከመጣሌ በፊት ለሀብታሙ ደጅም እንዲሁ አደርግ እንደሆነ ራሴን መጠየቅ አለብኝ። መልሱ «አላደርግም» ከሆነ፣ የተያዝኩት በጥበብ ሳይሆን በንቀት ነው።

ደግነቱ «ሮው» የሚባለው ጥሬ ፋይል ቀለሙን አይጥልም። የልጅቱን ፎቶ በሁለቱም መልክ አሳተምኩ። ባለቀለሙ ላይ ከሲኒው የሚወጣው እንፋሎት ከኋላዋ በተደረደረው ዕቃ ተውጦ እምብዛም አይታይም፤ በጥቁርና ነጩ ላይ ግን ጎልቶ ይታያል። እንደ ፎቶግራፍ ከተፈረደ ሁለተኛው ይበልጣል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለቱንም ወስጄ ሰጠኋት። ባለቀለሙን ሳብ አድርጋ ያዘችና ሌላውን መለሰችልኝ።

«ይኸኛው ለእርስዎ ይሁን» አለችኝ።