ስለ «ማረከ»ና ስለ ዘመዶቹ፤ በሊሙ ገነት አገር የተመዘነ የቃል ሒስ

የሰውን ሐሳብ ይዞ ማቆየትን ለመግለጽ አማርኛ በተለይ ሦስት አነጋገሮች አሉት፤ እነርሱም «ማረከ»፣ «መሰጠ» እና «ቀልብ ሳበ» ናቸው። በዛሬው ጽሕፈት ሦስቱ እንደ አንድ እየተቈጠሩ አንዱ በሌላው ስፍራ ይገባል። ይልቁንም «ማራኪ» የተባለው ቅጽል ለመልክዓ ምድርም፣ ለዜማም፣ ለንግግርም ያለ ልዩነት ይታደላል። ነገር ግን ሦስቱ በምንጫቸውም በባሕርያቸውም የተለያዩ ናቸውና፣ ልዩነታቸው ሲጠፋ ቋንቋው ከሀብቱ ይጐድላል።

«ማረከ» የጦር ሜዳ ቃል ነው። ከግዕዙ «ማህረከ» ጋር አንድ ሥር ያለው ሲሆን፣ ምርኮና ምርኮኛ የሚባሉትም ከእርሱ ይወጣሉ። በፉከራ «ማራኪ» የጀግና መጠሪያ እንጂ የኮረብታ ወይም የአበባ ቅጽል አይደለም። በቃሉ ውስጥ ሁለት ወገኖች አሉ፤ አንደኛው ድል አድራጊ፣ ሁለተኛው ፈቃዱ የተወሰደበት። ስለዚህ «ንግግሩ ማረከኝ» የሚል ሰው ማድመጡን ብቻ ሳይሆን መሸነፉንም ይመሰክራል።

የዚህ ቃል ክብደት በሊሙ አገር ጐልቶ ይሰማል። ሊሙ ገነት በምትገኝበት ምድር በ19ኛው መቶ ዓመት የሊሙ እናርያ መንግሥት ቆሞ ነበር፤ ከነገሥታቱም ስመ ጥሩው አባ ባጊቦ ከ1825 እስከ 1861 እ.ኤ.አ. ገዝቷል። ሰቃ የተባለችው መናገሻ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ቡና የሚሸጥባት ታላቅ ገበያ ነበረች፤ ከሸቀጡም ጋር በጦርነትና በአፈና የተያዙ ሰዎች ለባርነት ይሸጡባት ነበር። በኢትዮጵያ የባርነትን ሕጋዊነት የሻረው ዐዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ «ማራኪው ሊሙ» ብሎ የሚጽፍ ሰው የደኑን ልምላሜና በጥላ ሥር የሚበቅለውን ቡና ማሰቡ መልካም ነው፤ ሆኖም በዚያ ምድር ማራኪው ማን እንደ ነበረ፣ ተማራኪውም ወዴት እንደ ተነዳ ቃሉ ራሱ ሊያስታውሰው ይገባል።

«መሰጠ» ደግሞ በግዕዝ መንጠቅ ማለት ነው፤ ወንጌል ተኵላ በጎችን መንጠቁን የሚነግረው በዚሁ ግስ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ እስከ ሦስተኛው ሰማይ ስለ ወጣው ሰው ሲናገርም ግዕዙ ይህንኑ ግስ ሲይዝ፣ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ግን «ተነጠቀ» ይላል። ይህ የሚያስረዳው «ተመሰጠ» በአማርኛ የኀይልነት ጠባዩን ትቶ የመንፈስን ነገር እንደ ያዘ ነው። የሚመሰጥ ሰው ጠላት የለበትም፤ ራሱን ለሚሰማው ነገር የለቀቀ ነው። በጅማና በሊሙ መንዙማ ሲባል ዐይኑን ጨፍኖ የሚወዛወዘው አድማጭ «ተመሰጠ» ቢባል እውነት ነው፤ «ተማረከ» ቢባል ግን በፈቃዱ የሰጠውን እንደ ተቀማ ይቈጠርበታል።

«ቀልብ» ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን በምንጩ ልብ ማለት ነው። የሊሙ ሕዝብ የሚናገረው ኦሮምኛም «ቀልቢ» ይለዋል፤ ሐሳብን መሳብንም «ቀልቢ ሐዋቹ» ይላል። አንድ ቃል ሁለቱን ቋንቋዎች እንዲህ ሲያገናኝ ለሕዝብ ጥናት ታላቅ ምስክር ነው። በአማርኛ ቀልብ ይሰበሰባል፣ ይገፈፋል፣ ይሳባል። መሳብ ግን መጀመሪያ ብቻ ነው፤ የተሳበ ሁሉ አልደረሰም፣ ቢፈልግም ይመለሳል።

የሦስቱም ደረጃ በአንድ የቡና ሥርዐት ሊታይ ይችላል። የሚቈላው ቡና ሽታ የጐረቤትን ቀልብ ይስባል፤ በአቦሉና በቶናው መካከል የሚነገረው ተረት ተቀማጩን ይመስጣል፤ ሽማግሌ ተናግሮ ቂመኛው ቂሙን የተወ እንደ ሆነ ግን ያ ሰው በእውነት ተማረከ።

ቃል በልማድ ይለወጣልና የጥንት ትርጕሙ አያስገድድም የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ «የፍቅር ምርኮኛ» ማለትን የሚነቅፍ የለም፣ በዚያ አነጋገር ሽንፈቱ ራሱ ተፈልጓልና። የሚነቀፈው ማን ምን እንዳጣ ሳይታሰብ ቃሉን መበተን ነው። ጸሓፊ «ማራኪ» ከማለቱ በፊት የተሸነፈው ምን እንደ ሆነ ራሱን ይጠይቅ፤ መልስ ካላገኘ «ቀልብ ሳቢ» ወይም «መሳጭ» ይበቃዋል።