የእንግሊዝኛው «ዩ» በእስፓኝ ቋንቋ

በትንንሽ መዝገበ ቃላት የእንግሊዝኛው «ዩ» በእስፓኝ ቋንቋ «ቱ» ወይም «ኡስቴድ» ተብሎ ተፈትቶ ይገኛል። ፍችው ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን የትኛው ለማን እንደሚነገር ካልተገለጸ ተማሪውን ያሳስተዋል።

እንግሊዝኛ ቀድሞ ለአንድ ሰው «ዛው»፥ ለብዙዎች «ዪ»ና «ዩ» ይል ነበር። ኋላ «ዩ» ለአክብሮት ሲባል ለአንድ ሰውም እየተነገረ «ዛው»ን ከዕለት ንግግር አስወጣው። የእስፓኝ ቋንቋ ግን ልዩነቱን ጠብቋል። ለወዳጅና ለልጅ «ቱ»፥ ለሚከበር ሰው «ኡስቴድ» ይባላል። «ኡስቴድ» «ቡዌስትራ ሜርሴድ»፥ ማለት «ቸርነትዎ»፥ ከሚለው አጥሮ የወጣ ስለ ሆነ ግሡ በሩቅ ይረባል። የእኛም «እርስዎ ይመጣሉ» የብዙ ሩቆችን ግሥ መዋሱን ልብ ይሏል።

ጕዳዩ የሰዋስው ብቻ አይደለም። የሴርቫንቴስን «ዶን ኪሆቴ» (1605 እና 1615 በአውሮፓ አቈጣጠር) እንመልከት። ጌታው ሎሌውን ሳንቾን ዘወትር «ቱ» ይለዋል፤ ሲቈጣ ግን «ቦስ» ወደ ማለት ይሻገራል። በዛሬው እንግሊዝኛ ሁለቱም «ዩ» ስለሚሆኑ ይህ የቍጣ ምልክት ይጠፋል። ከእንግሊዝኛው የሚቀዳ አማርኛ ተርጓሚም ሁሉን «አንተ» ብሎ ያልፋል። እኛ ግን አንተ የምንለውን ሰው ስንቈጣ በሽሙጥ «እርስዎ» ማለትን እናውቃለን። እንግዲህ መሣሪያው በእጃችን ሳለ፥ በመካከል የገባው ቋንቋ ስላልነገረን ብቻ ሳንሠራበት እንቀራለን።

እርግጥ አማርኛና የእስፓኝ ቋንቋ በሁሉ አይገጥሙም። «ቱ» ጾታ አይለይምና «አንተ» ወይም «አንቺ» መሆኑን ከዐረፍተ ነገሩ መፈለግ ግድ ነው። በአንጻሩ በእስፓኝ አገር ለሴቶች ብቻ የሚነገረው «ቦሶትራስ» በአማርኛ ሲገባ «እናንተ» ይሆንና ጾታው ይሰወራል። በአርጀንቲና ደግሞ «ቦስ» ዛሬ የወዳጅነት ቃል ነው፤ ስለዚህ ዘመኑንና አገሩን ሳይመረምሩ መፍታት አይገባም።

ስለዚህ መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጁ ሰዎች ከፍችው አጠገብ ተናጋሪው ማን፥ ተሰሚውም ማን እንደ ሆነ ቢያመለክቱ መልካም ነው እንላለን። ከእንግሊዝኛ የሚተረጕምም ሰው፥ ቋንቋውን አጥብቆ ባያውቅ እንኳ፥ የእስፓኙን መጽሐፍ አጠገቡ አኑሮ «ዩ» ባለበት ሁሉ ገልጦ ይመልከት። የጌታና የሎሌ ነገር ያለው በዚያች ትንሽ ቃል ውስጥ ነውና።