«ማስነሻ» የቱ ነው? ስለ አሮጌ መኪና የማስነሻ መስመር ስያሜዎች

የሙያ ቃል የሚመዘነው በመዝገበ ቃላት ውስጥ አምሮ በመታየቱ ሳይሆን ሠራተኛውን ወደ ትክክለኛው ዕቃ በማድረሱ ነው። የጥገና መመሪያዎች ወደ አማርኛ ሲመለሱ ግን ይህ መመዘኛ ሲዘነጋ ይታያል። ለማሳያ ያህል በተለምዶ «ቮልስ» የምንለውን የአሮጌውን ቮልስዋገን ቢትል የማስነሻ መስመር እንመልከት።

በዚህ መኪና ባትሪው ከኋላ መቀመጫ ሥር፣ ሞተሪኖው ከካምቢዮው ጎን ይገኛል። ወፍራሙ ሽቦ ከባትሪው በቀጥታ ሞተሪኖው ላይ ወዳለው ሶሌኖይድ ይሄዳል። ቀጭኑ ግን እስከ ሾፌሩ ድረስ ሄዶ፣ በቁልፍ ማብሪያው አልፎ፣ እንደገና ወደ ኋላ ይመለሳል። ቁልፉ ሲዞር ሶሌኖይዱ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ የሞተሪኖውን ጥርስ ወደ ቮላኖው ይገፋል፤ ወፍራሙን መስመርም ከሞተሪኖው ጋር ያገናኛል።

«ማስነሻ» ከ«አስነሣ» የተገኘ የመሣሪያ ስም ነው። እንዲህ ያለው ስም በአማርኛ መሣሪያውንም፣ ቦታውንም፣ ዘዴውንም ሊያመለክት ስለሚችል ቁልፉም ሶሌኖይዱም ሞተሪኖውም «ማስነሻ» ቢባሉ የሰዋስው ስሕተት የለበትም። ጉዳቱ ያለው በሥራው ላይ ነው። «ማስነሻው ካልሠራ ይቀየር» የሚል ትእዛዝ ያነበበ ሰው፣ ጥፋቱ በቁልፉ ሆኖ ሳለ ጤነኛ ሞተሪኖ ፈትቶ ሊጥል ይችላል።

«የማስነሻ ሞተር» የሚለውም ቢሆን ችግሩን አያቃልልም። መካኒኩ «ሞተር» ሲል የመኪናውን ዋና ሞተር ማለቱ ነውና «ሞተሩ አይዞርም» የሚለው ዐረፍተ ነገር ሁለት ልዩ ልዩ ብልሽቶችን ያደባልቃል፤ አንደኛው ሞተሪኖው ራሱ ሳይዞር ሲቀር፣ ሁለተኛው ሞተሪኖው እየዞረ ጥርሱ ቮላኖውን ሳይዝ ሲቀር ነው። ጋራዦቻችን ከጣሊያንኛ የወረሱት «ሞተሪኖ»፣ ትርጉሙም «ትንሽ ሞተር»፣ ይህን ልዩነት አስቀድሞ ፈትቶታል። ባዕድ ነው በሚል ምክንያት ብቻ መጣሉን አንደግፍም።

ከሁሉ የሚከፋው «መሬት» ነው። ለቤት ኤሌክትሪክ ቃሉ ተገቢ ነው፤ መኪና ግን በጎማ ላይ የቆመ ነው። ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለሰው በአፈር ሳይሆን በካምቢዮውና በሻንሲው ብረት፣ ሁለቱንም በሚያያይዘው ጠፍጣፋ ማገናኛ በኩል ነው። ይህ ማገናኛ ሲዝግ ወይም ሲላላ ሞተሪኖው አቅም ያጣል። «መሬቱን መርምር» የተባለ ጀማሪ የት እንደሚፈልግ አያውቅም፤ «የሻንሲ መመለሻ» ቢባል ግን ቃሉ ራሱ ቦታውን ይጠቁመዋል።

«የቮልቴጅ መውረድ»ም እንዲሁ ሁለት ነገር ያዳብላል፤ የባትሪውን መድከምና ባትሪው ደኅና ሆኖ ሳለ በሽቦና በማገናኛ ላይ የሚባክነውን። ቀደምቶቹ ቢትሎች ባለ 6 ቮልት ነበሩ፤ ለአሜሪካ ገበያ የቀረቡት ከ1967 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ ባለ 12 ሆነዋል። ግማሽ ቮልት ቢባክን በ12ቱ ከሃያ አራት አንድ፣ በ6ቱ ግን ከዐሥራ ሁለት አንድ እጅ ጠፋ ማለት ነው። ረጅሙ ቀጭን ሽቦና ያረጀው ማብሪያ ሶሌኖይዱን የሚያስርቡት በዚህ መንገድ ነውና ሁለተኛው ፅንሰ ሐሳብ «የመስመር ላይ ብክነት» ተብሎ እንዲለይ እንሻለን።

ተርጓሚው ቁጥሮቹንም መዝለል የለበትም። ዲን 72552 በተባለው የጀርመን ደረጃ መሠረት 30 ከባትሪው የሚመጣውን፣ 50 ከቁልፉ የሚመጣውን መስመር ያመለክታሉ። ቁልፉ ዞሮ በ50 ላይ ቮልቴጅ ከሌለ ጥፋቱ ወደ ቁልፉ በሚወስደው መስመር ነው፤ በቂ ቮልቴጅ እያለ ሶሌኖይዱ ካልሳበ ግን መመርመር ያለበት ራሱ ሶሌኖይዱ ነው። ይህን ፍርድ በአማርኛ ለመስጠት ሁለቱ ዕቃዎች ሁለት ስም ያስፈልጋቸዋል።

ስለዚህ «ማስነሻ» ለመላው መስመር ብቻ ይዋል፤ ክፍሎቹም «የቁልፍ ማብሪያ»፣ «ሶሌኖይድ»፣ «ሞተሪኖ» እና «የሻንሲ መመለሻ» ይባሉ እንላለን። ስያሜ አውጪውም ቃሉን ከማጽደቁ በፊት ጋራዥ ወስዶ፣ «ይህን አምጣልኝ» ሲል የትኛው ዕቃ እንደሚመጣለት ቢፈትን መልካም ነው።