የከዋክብት ምልከታ ጉዞና የደመና ጠባይ

የከዋክብት ምልከታ ጉዞ፣ የከተማ ብርሃን ሰማዩን ከሚያደበዝዝበት ስፍራ ርቆ፣ በዓይን፣ በባይኖኩላር ወይም በአነስተኛ ቴሌስኮፕ የሌሊቱን ሰማይ ለማየት የሚደረግ ሲሆን፣ መተዳደሪያ ሳይሆን የፍቅር ሥራ በመሆኑ፣ ለተመልካቹ የሚተርፉት ሌሊቶች ጥቂት ናቸው። በእነዚያ ጥቂት ሌሊቶች ላይ ደግሞ የሚያዝዘው ደመና ነው። ብዙዎች የዕቅዱ ጥበብ ሰማዩ ይጠራ እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን የተራራማ አገርን ሰማይ ከሳምንት በፊት በእርግጠኝነት የሚያውቅ ስለሌለ፣ ጥበቡ የመጨረሻው ውሳኔ ዕውቀት በበሰለበት ሰዓት እንዲሰጥ አድርጎ ጉዞውን ማሰናዳት ነው።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያውን ምርጫ የሚያደርገው ወቅቱ ራሱ ነው። በክረምት፣ የሰሜንና የደቡብ ነፋሶች የሚገናኙበት የዝናብ ቀጠና ወደ ሰሜን ስለሚወጣ ደጋው በደመና ይሸፈናል፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ግን ቀጠናው ወደ ደቡብ ወርዶ ደረቅ ነፋስ ይነግሣል። በአውሮፓ ዝነኛ የሆነው ፐርሰይድ የተባለው የተወርዋሪ ኮከቦች ውርጅብኝ ነሐሴ 6 እና 7 ገደማ ስለሚያይል ለደጋው ተመልካች ከሞላ ጎደል የማይገኝ ሲሆን፣ ታኅሣሥ 4 እና 5 ገደማ የሚያይለው ጀሚኒድ ግን በበጋው እምብርት ይመጣል። የደጋው ተመልካች በሌላ አገር የተዘጋጀ የሰማይ ክስተቶች ዝርዝር ሲደርሰው፣ ከሁሉ በፊት በራሱ ወቅት ማበጠር አለበት።

ደመና አለመኖሩ ብቻውን ግን በቂ አይደለም። የአየር ጥራት የሚባለው የከዋክብት ብርሃን በአቧራ፣ በጭስና በእርጥበት ሳይደበዝዝ ማለፉ ሲሆን፣ የአየር እርጋታ የሚባለው ደግሞ የአየሩ ንብብሮች ሳይናወጡ የኮከቡ ምስል ሳይንቀጠቀጥ መታየቱ ነው። ፍኖተ ሐሊብንና እንደ አንድሮሜዳ ያሉ ደብዛዛ ረጨቶችን ለማየት ጥራት ያስፈልጋል፤ የጁፒተርን መቀነቶችና የሳተርንን ቀለበት ለመለየት ግን እርጋታ ይበልጣል። ዝናቡ አቧራውን አጥቦ እንዳበቃ የሚመጡት የጥቅምት ሌሊቶች ለጥራት ወደር የላቸውም፤ በጋው እየገፋ ሲሄድ ግን አቧራው ይነሣል፣ የማሳ ቃጠሎ ጭስም ይጨመርበታል። «ሕዳር ሲታጠን» በሚባለው ሕዳር 12 ቀን በአዲስ አበባ የሚነደው ቆሻሻ ጭሱ በዝቅተኛው ስፍራ ተኝቶ ስለሚያድር፣ የዚያን ምሽት ምልከታ በከተማዋ ዙሪያ ማቀድ ከንቱ ድካም ነው።

ከወቅቱ ቀጥሎ ጨረቃ አለች። ጀማሪዎች ጨረቃ ከነጭራሹ የማትታይበትን አንድ ሌሊት መርጠው ሁሉንም በእርሱ ላይ ያስራሉ፤ ያ ሌሊት በደመና ቢሸፈን ወሩ አለፈ ማለት ነው። ጨረቃ በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል ዘግይታ እንደምትወጣ የተረዳ ዕቅድ አውጪ ግን፣ በጨረቃዋ መወለድ ማግስት ባሉት ቀናት ከመጥለቋ በኋላ ያለውን የሌሊት ክፍል፣ ሙሉ ከሆነች በኋላ ባሉት ቀናት ደግሞ ከመውጣቷ በፊት ያለውን ምሽት ሊጠቀምበት ይችላል። በዚህ መንገድ አንዱ ሌሊት ወደ አሥር ገደማ ሌሊቶች ይሰፋል፤ ደመናን የሚያሸንፍ ነገር ካለ ይህ ስፋት ነው።

ትንበያን ማንበብ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የትንበያ ሞዴል ማለት ከባቢ አየሩን በመረብ ዓይኖች ከፋፍሎ፣ በእያንዳንዱ ዓይን ያለውን ሙቀት፣ እርጥበትና ነፋስ በስሌት ወደ ፊት የሚያራምድ ሥርዓት ሲሆን፣ ከዓለም አቀፎቹ ሞዴሎች እጅግ ከረቀቁት አንዱ የሆነው የአውሮፓው የመካከለኛ ጊዜ ትንበያ ማዕከል ሞዴል የአንዱ ዓይን ስፋት 9 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ ለሜዳማ አገር ይበቃል፤ ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ ግን ከፍታው ከ1500 ሜትር በላይ ስለሚለዋወጥ፣ በመረቡ ውስጥ ገደሉና አምባው ተዳምረው አማካይ ከፍታ ይሆናሉ። ከቆላው የሚነሣው እርጥብ አየር ገደሉን ሲወጣ ቀዝቅዞ ጭጋግ ስለሚሆን፣ ትንበያው «ጥርት ያለ ሰማይ» እያለ በአፋፉ ላይ የቆመ ሰው የእጁን ጣት ማየት ሊያቅተው ይችላል። ስለዚህ አንድን ትንበያ ከማመን ይልቅ፣ መነሻ ሁኔታው በጥቂቱ እየተለዋወጠ 50 ጊዜ የሚሰላውን ቡድናዊ ትንበያ ማየት ይሻላል፤ ውጤቶቹ ከተቀራረቡ እምነት የሚጣልበት ሲሆን፣ ከተበታተኑ ደግሞ ሁለተኛ ስፍራ መያዝ እንደሚገባ ይናገራሉ።

ሁለተኛው ስፍራ ግን ከመጀመሪያው በጠባዩ የሚለይ ካልሆነ ዋጋ የለውም፤ በአንድ አፋፍ ላይ ያሉ ሁለት ስፍራዎች አብረው ይደፈናሉ። ከአዲስ አበባ ለሚነሣ ቡድን በሰሜን ምሥራቅ የደብረ ብርሃን አምባ፣ በደቡብ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ የላንጋኖ አካባቢ ቢያዙ፣ አንዱ ብርድና ውርጭ፣ ሌላው ሙቀትና አቧራ ቢኖርበትም፣ በአንድ ምክንያት አብረው የመጥፋታቸው ዕድል አነስተኛ ነው። ምርጫውም በጉዞው ቀን ጠዋት፣ ሜቴዎሳት የተባለው ሳተላይት በየጥቂት ደቂቃው የሚያነሣው የደመና ምስል ከታየና የመንገዱ ሰላም ከተጠየቀ በኋላ ቢደረግ የተሻለ ነው። ተጓዦች ይህን አስቀድመው እንዲቀበሉ ማድረግ ከሁሉ የሚከብደው የዕቅዱ ክፍል ነው፤ ስንቁና መኪናው ለሁለቱም ስፍራ እንዲስማሙ ሆነው ካልተሰናዱ በመጨረሻው ሰዓት ሐሳብ መለወጥ ጠብ ይሆናል።

ስፍራው ከተደረሰም በኋላ የደመናውን ዓይነት መለየት ያሻል። ፀሐይ ምድሩን ስታሞቅ የሚቆለለው፣ የተባዘተ ጥጥ የሚመስለው የከሰዓት ደመና ምድሩ ሲቀዘቅዝ አብዛኛውን ጊዜ ስለሚከስም፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ እርሱን አይቶ የተመለሰ ቡድን ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ የሚገለጠውን ሰማይ በገዛ እጁ ያጣል፤ ከፍ ብሎ እንደ ነጠላ የሚዘረጋው ስስ ደመና ግን ከምድሩ ሙቀት ጋር ስላልተያያዘ፣ መሽቷልና ይጠፋል ብሎ መጠበቅ ልማድ እንጂ ዕውቀት አይደለም። የቴሌስኮፑ ማቆሚያም ከዚህ ጋር ይታሰባል፤ የሰሜን ኮከብ ከአዲስ አበባ ኬክሮስ ሲታይ ከአድማስ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ስለሚል፣ ዝቅተኛ ጭጋግ በቀላሉ ይሸፍነዋልና ማቆሚያውን በእርሱ አቅጣጫ የሚያስተካክል ሰው ገና ሳይመሽ በኮምፓስ መነሻ ይይዛል።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ለሚጠብቁ ነገሮች ነው፤ ረጨቶች በሚቀጥለው ወርም አሉ። ግርዶሽ ግን አይጠብቅም፣ ስለዚህ በግርዶሽ ጊዜ የሚመረጠው ሌሊት ሳይሆን ስፍራ ብቻ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ የታየው ቀለበታዊ የፀሐይ ግርዶሽ፣ ማለትም ጨረቃ ፀሐይን ሙሉ በሙሉ ሳትሸፍን ዙሪያዋ እንደ ቀለበት የሚቀርበት፣ ክረምቱ በሚገባበት ሰሞን ቢውልም የደረሰው ደመናው ሳይቆለል በማለዳ ነበር። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚሆነው ሙሉ ግርዶሽ ደግሞ በኢትዮጵያ በከፊል ብቻ፣ ያውም በክረምቱ እኩሌታ ከቀትር በኋላ የሚታይ ሲሆን፣ በግብፅ በሉክሶር ከ6 ደቂቃ በላይ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በጅዳ ደግሞ ከ5 ደቂቃ በላይ ፀሐይን ፈጽሞ ይሰውራል። በጅዳ የሚኖር ተመልካች በዚያ ወር የሚያሰጋው ከደመናው ይልቅ አቧራው ነው፤ ከአዲስ አበባ የሚነሣው ግን ከፊሉን ግርዶሽ እንኳ ለማየት ከደጋው ወደ ምሥራቁ ቆላ መውረድን ከአሁኑ ቢያስብበት ይበጀዋል።