ወቄት አውንስ አይደለም

ወርቅ የመመዘን ሙያን የሚለምድ ሰው ቀድሞ የሚያነሣው ጥያቄ ወቄትና አውንስ አንድ ናቸው ወይ የሚል ነው። አውንስ ወደ አማርኛ ሲመለስ ወቄት መባሉ የተለመደ በመሆኑ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን አንድ አይደሉም የሚል ነው፣ ልዩነቱን ንቆ ማለፍም በሙያው ዘንድ እንደ ቀላል ስሕተት ሊታይ አይገባም። የዓለም ገበያ ወርቅን የሚተምንበት ትሮይ አውንስ 31.1 ግራም ሲሆን፣ በምግብ ማሸጊያ ላይ የሚጻፈው ተራው አውንስ 28.35 ግራም ነው። ወቄት ግን ልኩ ማርትሬዛ፣ ማለትም 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት የማርያ ቴሬዛ የብር ገንዘብ ስለሆነ 28.07 ግራም ይመዝናል። የትሮይ አውንስን ዋጋ ሰምቶ ለወቄት የሚከፍል ገዢ በእያንዳንዱ ወቄት የሦስት ግራም ወርቅ ዋጋ ያለ አግባብ ይከፍላል።

የስሞቹ ዝምድና እውነት ነው፤ ሁለቱም አንድ አሥራ ሁለተኛ የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ቃል ይወርዳሉ፣ ወቄትም በዐረብኛው ዑቂያ በኩል የመጣ ነው። ነጥር የሚባለው የክብደት ልክ 12 ወቄት መሆኑ የጥንቱን ክፍፍል ጠብቆ ያቆየ ሲሆን፣ ተራው የእንግሊዝ ፓውንድ ግን 16 አውንስ ሆኖ ከዚያ ርቋል።

በወለጋ ወቄት የግብር ልክም ነበር። የነቀምቴው ገዢ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር (ኩምሳ ሞረዳ) ለዐፄ ምኒልክ የሚልኩት የወርቅ ግብር የሚቆጠረው በወቄት ነበር፤ ወርቁም ከምዕራብ ወንዞች አሸዋ ታጥቦ የሚወጣ ዱቄት ስለሆነ ያለ ሚዛን ልኩን ማወቅ አይቻልም ነበር። ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ የተመታው የምኒልክ ብርም ክብደቱ ከማርትሬዛው ጋር የተቀራረበ ስለነበረ፣ ግማሹ አላድ የግማሽ ወቄት፣ ሩቡም የሩብ ወቄት መመዘኛ ሆኖ ለማገልገል ይበቃ ነበር።

የሙያው ትልቁ ፈተና መመዘኛው ራሱ ገንዘብ መሆኑ ነው። ብር ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ይፈገፈጋል፤ የንግሥቲቱ ፊትና የትከሻዋ ጌጥ ሲለሰልስ ክብደቱም ይቀንሳል፣ በተበላ ብር መዝኖ የሚሸጥ ሰውም ሳያውቀው ገዢውን ያጎድላል። ስለዚህ ጠንቃቃ መዛኝ ያልተበላ አንድ ብር በጨርቅ ጠቅልሎ ያስቀምጣል፣ አይመነዝረውም፣ ሌሎቹን ብሮች በእርሱ ይፈትናል። ሲመዝንም በሩን ዘግቶ ነፋስ ይከለክላል፣ ዱቄቱን አድርቆ ጥቁሩን አሸዋ በማግኔት ይለያል፣ ከዚያም ወርቁንና ብሩን በሁለቱ ሰሃኖች አለዋውጦ ደግሞ ይመዝናል፤ ሁለቱ ውጤቶች ካልተስማሙ የሚዛኑ ክንዶች እኩል አይደሉም ማለት ነው።

ዲጂታል ሚዛን ፈጣን ቢሆንም ይህን ፈተና በገዢው ዓይን ፊት ማሳየት አይችልም፤ ገዢው የሚያየው ቁጥር ብቻ ነው፣ ባለ ሁለት ሰሃኑ ግን ሁለቱም ወገን ቆመው የሚያዩት ዳኛ ነው። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅም በዚህ አቋሙ ጸንቶ የቆየው፣ ሙያውን የተማረው ከአባቱ ጋር ትንፋሹን ይዞ የሰሃኖቹን መረጋጋት በመጠበቅ ስለሆነ ነው። ያ በጨርቅ የተጠቀለለ ብር ዛሬም በእጁ ይገኛል፣ የንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉት ዕንቁዎችም እስከ አሁን አንድ በአንድ ይቆጠራሉ።