መምህር በባዕድ አገር፤ ስለ አለቃ ታዬና ስለ አፈወርቅ ድርሰቶች

በአገራችን የቆየ ልማድ ለትምህርት የሚሰደደው ተማሪው እንጂ መምህሩ አልነበረም። ከመካነ ኢየሱስ ወይም ከስማዳ የሚነሣ ደቀ መዝሙር ድጓ ለመማር ወደ ጋይንት ቤተልሔም ይጓዛል፤ መርጌታው ግን ከደብሩ ሳይነቃነቅ የመጣውን ሁሉ ይቀበላል። ስለዚህም ጎጆ መቀለስ፣ ቁራሽ ለምኖ ማደርና የቦታውን ልማድ መልመድ የተማሪው ዕዳ ነው። በዘመናዊው ትምህርት ይህ ሥርዓት ተገልብጦ ይታያል። በደቡብ ኮርያ ከ1995 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በተዘረጋው ዕቅድ እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ የውጭ አገር ሰዎች ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች ይቀጠራሉ፤ እዚያ በምግቡ፣ በቋንቋውና በብቸኝነቱ የሚፈተነው መምህሩ ነው።

ይህን ፈተና ቀደም ብለው የቀመሱ ሁለት የጣና አካባቢ ሰዎች አሉን። የበጌምድሩ ተወላጅ አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም በ1905 ወደ ጀርመን ሄደው እስከ 1908 ድረስ በበርሊን ግዕዝና አማርኛ አስተማሩ። የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ደግሞ ከ1902 ጀምሮ በናፖሊ የምሥራቃውያን ቋንቋዎች ተቋም አማርኛ አስተምረዋል። የእኛ ጥያቄ የባዕድ አገር መምህርነት ለብዕራቸው ምን ሰጠ፣ ምንስ ነሣ የሚል ነው።

አለቃ ታዬ ከጉዟቸው በፊት በ1897 በምንኩሉ የታተመውን «መጽሐፈ ሰዋስው» ያዘጋጁ ሊቅ ነበሩ። በበርሊን ግን ቃላቸው በሌላ ሰው ብዕር ወጣ፤ ኤውገን ሚትቮኽ ከእርሳቸው አንደበት የሰበሰበውን የአማርኛ ሥነ ቃል በ1907 አሳተመው። ሊቁ ተናጋሪ፣ ተማሪው ደራሲ ሆነ ማለት ነው። በ1922 በአስመራ የታተመው «የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ» ደግሞ ባዕዳን ስለ እኛ የጻፉትን ከአገር ውስጥ ትውፊት ጋር ያገናኘ ሥራ ነው። በሕዝቦች አመጣጥ ላይ ያለ በቂ ማስረጃ የሚወስነው ነገር ብዙ ነው፤ ዳሩ ግን ባዕዱ የሚያውቀውን ያህል እኛም ስለ ራሳችን ልናውቅ ይገባል የሚለው ቅንዓት አይካድም።

አፈወርቅ በ1908 በሮም ያሳተሙት የመንገደኛ መሪ በፈረንሳይኛና በአማርኛ የተሰናዳ የጭውውት መጽሐፍ ነው። ቋንቋ በማስተማር ስም የአገሪቱን ጉድለት ያለ ርኅራኄ ይነቅፋል። ከነቀፌታው ብዙው እውነት ነው። ሆኖም ነቀፌታ እውነት በመሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ለማን እንደሚነገር መመዘን አለበት። የቤት ነውር ለቤተሰብ ሲነገር ምክር ይሆናል፤ ለእንግዳ ሲነገር ግን ወደ ሐሜት ያዘነብላል። የባዕድ አገር መምህር ትልቁ አደጋም ይኸው ነው፤ የሚያስተናግዱትን ለማስደሰት የላኩትን ያሳንሳል።

በዚያው ዓመት የታተመው «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ በኋላ ስሙ «ጦቢያ» የተባለው፣ ከዚህ እጅግ ይልቃል። ውለታ ሊመልስ ከቤቱ የወጣው ዋሕድ ባሪያ ሆኖ ይሸጣል፤ እኅቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ልትፈልገው ትወጣለች። ድርሰቱ በኢጣልያ ቢታተምም ስለ ኢጣልያ አይናገርም። ይሁን እንጂ ከዘመድ መለየት፣ በሰው አገር ማንነትን ሸሽጎ መኖር፣ በባዕድ ቸርነት መዳን የታሪኩ አከርካሪ ናቸው። በባዕድ አገር ዓመታት የቆየ ሰው ይህን መምረጡ እንዲያው ድንገት ነው ለማለት ይከብደናል። ቋንቋውም የመምህርነት ፍሬ ሳይሆን አይቀርም፤ አማርኛን ለማያውቀው በየቀኑ የሚተነትን ሰው የእያንዳንዱን ቃል ክብደት ይለያልና።

የሁለቱ ፍጻሜ ግን ለመላመድ መጠን እንዳለው ያስተምራል። አፈወርቅ በ1935 በተጀመረው ወረራ ጊዜ ከጠላት ጋር ተባበሩ። አለቃ ታዬ ወደ አገራቸው ቢመለሱም በሃይማኖታቸው ምክንያት ታሰሩ። ስለሆነም የቀረ ሁሉ ከዳ፣ የተመለሰም ሁሉ ተከበረ ማለት አይቻልም። «ጦቢያ»ንም በደራሲው ኋለኛ በደል መኰነን ፍርደ ገምድልነት ነው።

አንድ ጉድለት ግን በጠቀስናቸው ሥራዎች ሁሉ ይታያል። ብርዱን እንዴት ቻሉት? በመጀመሪያው ቀን ተማሪዎቹ ፊት ሲቆሙ ምን ተሰማቸው? ይህን አይነግሩንም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ጽፈዋል፤ ነገር ግን ያ በክብር የተቀበሉት መልእክተኛ መጽሐፍ እንጂ ገበያ ወርዶ ሽንኩርት የገዛ መምህር መጽሐፍ አይደለም።

ስለዚህ ዛሬ ወደ ኮርያም ሆነ ወደ ሌላ አገር ለማስተማር የሚሄድ፣ ከሩቅ አውራጃ ተመድቦ መካነ ኢየሱስ የሚገባም መምህር፣ የዕለት ኑሮውን ቢጽፍ የጎደለውን ይሞላል። ሲጽፍ ግን ሁለት አንባቢ ያስብ፤ የተቀበለውን ሕዝብና የወለደውን ሕዝብ። ሁለቱም ፊት ሳያፍር የሚያነበው ድርሰት እውነተኛው ድርሰት ነው።